የሰቃይዋ ጥግ

መጋቢት 2

ተራ ቀን። ወርክሾፕ ሄድኩ፣ ጥጌን ጠረግኩ፣ ቁጭ አልኩ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ጠረግኩ። የማኅበራችን ሰብሳቢ አናጺ ነው፤ አንድ ጣውላ በሰነጠቀ ቁጥር ብናኙ የሚዘንበው እኔ ላይ ነው። ፀጉሬ ላይ፣ መነጽሬ ላይ፣ ሻዬ ውስጥ። ይቅርታ እንኳ አይልም። ጥጉ ባዶ ነው ብሎ ይሆናል… እኔ የተቀመጥኩበት ባዶ ነው?

ዕቃዎቹ እስካሁን ሸራ እንደለበሱ ናቸው። ኮምፕሬሰሩ፣ ቀለም መርጫው ሽጉጥ፣ የሽጉጡ የመብራት ሳጥን፣ ሦስት ካርቶን የዱቄት ቀለም። ፋብሪካው ሲዘጋ ለማኅበራችን የሰጠው ይህንን ነው። እኔም ከዚያው ፋብሪካ የተረፍኩ ነኝ፤ ሸራ ብቻ ነው ያልለበስኩት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀለም ክፍል ሠራሁ። ሥራዬ መስቀል ነበር። የታጠበውን ብረት መንጠቆ ላይ አንጠልጥል፣ ቀለም ሲነፋበት ዞር በል፣ ከምድጃ ሲወጣ አውርድ። «ሰቃይ» ነበር የሚሉኝ። የክፍያ ወረቀቴም ላይ እንደዚያው ነው። ሽጉጡን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው፤ ባለሽጉጡ። በሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንቱ አልኩት፣ አንቺ አለኝ።

ነገ ስብሰባ አለ። እጄን ላውጣ?

መጋቢት 4

ትናንት እጄን አወጣሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ቢሆንም ተናገርኩ። «ያንን ጥግ አደራጅቼ የዱቄት ቀለም ሥራ ልጀምር።»

ቀቢው ተነሳ። ቡርሽ ነው የምንለው፤ ጺሙን ላየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። «ቀለም ከተባለ እኔ አለሁ አይደል? ዱቄት ደግሞ ምን የሚሉት ነው?»

አስረዳሁ። ፈሳሽ አይደለም፣ ደረቅ ዱቄት ነው። ሽጉጡ ኮረንቲ ያጎርሰዋል፣ ብረቱ ላይ ሄዶ ልጥፍ ይላል፣ ከዚያ ምድጃ ገብቶ ይቀልጥና እንደ ቆዳ ይሆናል። በጥፍር አይነሳም።

«ምድጃ? ዳቦ ነው እንዴ እትዬ?»

ሳቁ። ሰብሳቢውም ሳቀ። የሚቀመጥባት የብረት በርጩማ ቀለሟ ተላልጦ ዝገቷ ሱሪው ላይ ታትሟል፤ ከኋላው ስንሄድ ሁላችንም እናያለን፣ ማንም አይነግረውም። በዚያ ሱሪ ነው እንግዲህ በእኔ የሚስቀው!

ውሳኔው፦ እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ የረባ ዕቃ ቀብቼ ካላሳየሁ ጥጉ የጣውላ ማስቀመጫ ይሆናል። ዕቃዎቹም ለቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ ይሄዳሉ። ሽጉጡን የሚይዝ ደግሞ ባለሙያ ይጠራ ተባለ። ማን? ባለሽጉጡ።

«እኔስ?» አልኩ።

«አንቺማ ሰቃይ ነሽ» አለ ሰብሳቢው። ክፋት የለውም ደግሞ፣ ልክ ቁመቴን እንደሚነግረኝ ነው የተናገረው።

«እሺ ይምጡ። ጥጉን የማሰናዳው ግን እኔ ነኝ፣ ማንም እጁን እንዳያስገባ» ብዬ ተቀመጥኩ።

መጋቢት 7

ዳቦ ነው እንዴ አለኝ አይደል? ዳቦ ቤት ሄድኩ!

ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ከተዘጋ ዓመት ሆኖታል። የኤሌክትሪክ ምድጃው ደጅ ወጥቶ ዝናብ ይመታዋል። ባለቤቱን ጠየቅኳቸው። «ወስደሽ በገላገልሽኝ» አሉ። ለስምንት ገፍተን አስገባነው። ቡርሽም ገፋ። እየገፋ እየሳቀ… እየሳቀም ቢሆን ገፋ፣ ልክዳው አልችልም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ልብሴን አየ። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፣ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ትራፊክ ሲቆጣጠር ይውላል። «ደግሞ ዳቦ ጋጋሪ ሆንሽ?»

«ሆንኩ።»

«ሰቃይና ስቃይ'ኮ አንዲት ፊደል ብቻ ናት የምትለያቸው። ተይው፣ አርፈሽ ቁጭ በይ።»

አርፌ ቁጭ በይ… ሰው አርፎ ቁጭ የሚለው መቼ ነው? ሲሞት አይደለም?

መጋቢት 11

ኤሌክትሪክ የምትሠራዋ ልጅ ገመዱን ዘረጋች። ቴስተር እንላታለን፤ መሞከሪያዋ ከጆሮዋ ላይ አይወርድም። ምድጃውን ለመጀመሪያ ጊዜ አበራነው። መቶ… መቶ ሃምሳ… ሁለት መቶ ዲግሪ። የድሮ ዳቦ ሽታ አዳራሹን ሞላው። አናጺዎቹ መጋዛቸውን አቆሙ። ሰብሳቢው አፍንጫውን ቀስሮ መጣ። «መቼ ነው የሚደርሰው?» አለ። አሁን ደግሞ እኔ ሳቅኩ።

ቴስተር አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለውን ሽቦ ዕቃ ከምንሰቅልበት አግዳሚ ብረት ጋር አሰረችው። «እትዬ፣ ይሄ መሬቱ ነው። ዱቄቱ ወደ ዕቃው የሚሄደው ዕቃው መሬት ስላለው ነው። መሬት ከሌለው ዞር ብሎም አያየው።»

«እንደ ሰው ነዋ!» አልኳት። ሳቀች።

መጋቢት 12

ዱቄቱ በካርቶኑ ውስጥ ጓጉሏል። የቤቴን ወንፊት ወስጄ ነፋሁት። ልጄ ሰምታ ጮኸች። «እማዬ፣ ያ ወንፊት ኩሽና አይመለስም!» አይመለስም። እኔም አልመለስም።

መጋቢት 13

የእንጨት ብናኝ ዱቄቱ ላይ ካረፈ ሥራው አለቀለት። ሰብሳቢውን ግድግዳ ጠየቅኩት። «ለአንድ ወር ግድግዳ?»

ዕቃዎቹ የለበሱትን ሸራ ገፍፌ መጋረጃ አደረግኩት። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አብራኝ ሰፋች፤ መምህርት ናት፣ ስፌቷ ግን የተማሪ ነው። ሰቀልነው። መስቀል አላቃተኝም መቼም።

«መተላለፊያ ዘጋሽ» አለ ሰብሳቢው።

«ዙር።»

ከአፌ ወጣ። ዙር! ለሰብሳቢ! ዞረ።

መጋቢት 14

ዛሬ ቅዳሜ። በፋብሪካ ጊዜ ቅዳሜ የመንጠቆ ቀን ነበር። የሳምንቱ ቀለም መንጠቆዎቹ ላይ ይጋገራል፤ ሁሉም ሲወጣ እኔ ቀርቼ በቢላና በሽቦ ብሩሽ ባዶ ብረት እስኪሆኑ እፍቃቸዋለሁ። «ለምንድን ነው?» ስል «ንጽህና» ይሉኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቅዳሜዬን ንጽህና በላው። ጣቶቼ እስካሁን ቀጥ አይሉም።

እዚህ ያንን አላይም ብያለሁ። የወርክሾፑ በያጅ አዲስ መንጠቆ ሠራልኝ፣ ሃያ አራት። ደግሞ እንዳይዝጉ፣ አግዳሚውም አስቀያሚ ስለነበር ቡርሽን ለመንኩት። «ቆንጆ ጥቁር ቀባልኝ።»

«አየሽ! ቀለም ስትፈልጊ ወደኔ!» አለ። ደስ ብሎት ሁለት እጅ ቀባልኝ። የመሬቷን ሽቦ ፈትቶ፣ ቀብቶ፣ መልሶ አሰረልኝ። ጥንቁቅ ነው እኮ ሲፈልግ።

ያብለጨልጫል። ዓይኔ አልጠግብ አለ። ጥጌ የሰው ቤት መሰለ።

መጋቢት 18

ባለሽጉጡ መጣ።

«እንኳን ደህና መጡ» አልኩት። «እሺ ሰቃይ፣ አለሽ?» አለኝና የእጅ ጓንቱን ፈለገ። ከፋብሪካ በወጣበት ልብስ ነው፣ ኪሱ ላይ የፋብሪካው ምልክት አለ። ሁሉም ተሰበሰበ። የሰብሳቢውን በርጩማ ነበር የመረጥኩት፤ በሁለት ቀን ልጬ፣ አጥቤ፣ አድርቄ ሰቅያታለሁ። አቧራ የሚስበው ማራገቢያ ተነሳ። ጭምብል አጠለቅን።

ነፋ። ዱቄቱ በርጩማዋ ጋ ደረሰ… ወደቀ። ወለሉ ሰማያዊ ሆነ፣ በርጩማዋ ራቁቷን። ጨመረ። ቀነሰ። ሳጥኑን መታ። ሽጉጡን ሰደበ። «ይሄ ሞቷል! ፋብሪካው ሲሰጣችሁ መች የሚሠራ ሰጣችሁ!» ቴስተር የመሬቷን ሽቦ አየች፣ እንደታሰረች ናት።

«አለቃ፣ ሽጉጡን ልሞክረው?» አልኩት።

«ሰቃይ፣ ዞር በይ!»

ዞር አልኩ።

ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። ማሰብ ሳልጀምር እግሬ ለብቻው ታዘዘ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ልክ እንደ ድሮው። በገዛ ጥጌ! በገዛ መጋረጃዬ ውስጥ!

ሲወጣ ለሰብሳቢው ነገረው። «ለብረት ሰብሳቢ ስጡት።»

መጋቢት 19

ወርክሾፕ አልሄድኩም። ሰብሳቢው ጥጉን በሜትር ሲለካ እንደነበር ቴስተር ደውላ ነገረችኝ።

መጋቢት 20

ዛሬም አልሄድኩም። ባለቤቴ ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ። «አርፈሽ ቁጭ በይ» እንኳ አላለም። ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 21

ቅዳሜ። እጄ ሥራ ፈትቶ ጣቶቼን ሲያፍተለትል ልጄ አየችኝ። የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነው።

«ይቺን ልጅ እይልኝማ እማዬ፣ ሰቃይ ናት።»

«ምን?»

«ሰቃይ! መቶ ከመቶ! በኛ ጊዜም እንደዚያ ነበር የሚባለው። አንደኛ የሚወጣ ማለት ነው።»

«የኔው ሰቃይ ነው?»

«የአንቺው። ውጤት ይሰቅላል፣ ከፍ ያደርጋል።»

ገረመኝ። ሳቅኩም። ከዚያ ባለቤቴ ከመስኮቱ ሳይዞር ጠየቀ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ስትፍቂ ግን ለምንድን ነበር?»

«ለንጽህና።»

«ማን አይቶት? ጎብኚ ይመጣ ነበር?»

ማንም አይመጣም ነበር… ማንም። እንግዲያው ንጽህናው ለማን ነው?

ቁጭ ብዬ አስታወስኩ። ሰኞ ሰኞ ባለሽጉጡ ያፏጭ ነበር። ቀለሙ እንደ ማር ይይዝለታል። ረቡዕ ይነጫነጫል። ዓርብ ሽጉጡን ይሳደባል፣ ሳጥኑን ይመታል፣ ልክ እዚህ እንደመጣ ዕለት። ሽጉጡ ያው፣ ዱቄቱ ያው፣ ሰውየው ያው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚለወጠው ምንድን ነው?

መንጠቆው! ቀለም የሚጋገርበት መንጠቆው!

መሬቱ በሽቦዋ እስከ አግዳሚው ይመጣል። ከአግዳሚው ወደ መንጠቆ፣ ከመንጠቆ ወደ ዕቃው። መሃል ላይ ቀለም ካለ መንገዱ ተዘጋ። እኔ ደግሞ… እኔው ራሴ… ሁለት እጅ ጥቁር! ሽቦዋ የታሰረችበት ሳይቀር!

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን ሰውዬ ያስፏጨሁት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

ሰኞ እስኪመጣ ምን ልሁን?

መጋቢት 23

በር ሲከፈት ደረስኩ። ቢላ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የድሮ ጓንቴ።

ቡርሽ ሲያየኝ ቀላ። «ምን አድርጌሽ ነው? ሁለት እጅ የቀባሁትን! ሰው ፊት ልታሳጪኝ ነው?»

እውነቱን ነገርኩት። «ስህተቱ የኔ ነው፤ ቀባልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተ አሳምረህ ቀባህ፣ ኮረንቲው ማለፊያ አጣ።» ቅዳሜ ነገሩ ሲገባኝ፣ ቡርሽ ሆን ብሎ ይሆን ብዬም አስቤ ነበር። ይህን አልነገርኩትም። እዚህ ልጻፈውና ይብቃኝ።

ብርጭቆ ወረቀቱን አመጣና ከአግዳሚው ማዶ ጫፍ ይፍቅ ጀመር። መሃል ላይ ተገናኘን።

ቴስተር ባለ ሁለት ገመድ መለኪያ አምጥታ አንዱን ጫፍ ካልተፋቀ መንጠቆ፣ ሌላውን ከመሬቱ ሽቦ አገናኘች። ዝም። ከተፋቀው ጋር… ጢጥ! «እትዬ!» ብላ አቀፈችኝ። «ሽቦውን አየሁ እንጂ ከሥሩ ያለውን አላየሁም!»

በርጩማዋን ሰቀልኩ። ከዚያ ሽጉጡን አነሳሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም። ቀላል ነው ለካ፣ ስሰቅለው ከኖርኩት የብረት አልጋ ይቀላል። ጫንኩት። ዱቄቱ ወጣ፣ ተንሳፈፈ፣ ከዚያ እንደተጠራ ሰው በርጩማዋ ላይ ሄዶ ልጥፍ። ያልነፋሁበት ከኋላዋ ሳይቀር ዞሮ ያዛት። አለቀስኩ። ጭምብል ውስጥ ማልቀስ ያንቃል፣ ለማንም አልመክርም።

ሃያ ደቂቃ በሁለት መቶ ጋገርናት። ስትወጣ… አበዛሁት ለካ፣ እግሯ ጋ ወፍሮ ተሸበሸበ። ምንም አይደል። እንደገና እልጣለሁ። መላጥ እንደሆነ አውቅበታለሁ።

መጋቢት 27

ሁለተኛው ሙከራ ተበላሸ። ዱቄቱን ነፍቼ ሳልጨርስ ሰብሳቢው መጋዙን አስነሳ፣ ብናኙ በመጋረጃው ሥር ገባ፣ በርጩማዋ ጺም አበቀለች።

ወጣሁና የመጋዙን ሶኬት ነቀልኩት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሃያ ደቂቃ።»

«እኔ ሰብሳቢ ነኝ'ኮ!»

«ነህ። ሃያ ደቂቃ።»

ሶኬቱን እጄ ላይ ይዤ ቆምኩ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ የሰው ሶኬት ይዤ እንደ ልጅ ቆሜያለሁ። አዳራሹ ሁሉ ያያል። ሰዓቱን አየ። እኔን አየ። «ሂጂ እሺ፣ ጨርሺ» አለና ጣውላው ላይ ተቀመጠ። ለጊዜው በርጩማ የለውም።

መጋቢት 30

ስብሰባ። ሁሉም ተቀምጠዋል፣ ሰብሳቢው ቆሟል። መጋረጃውን ገልጬ በርጩማዋን አመጣሁለት። ሰማያዊ፣ ልሙጥ፣ እግሮቿ እንኳ ጥርት ያሉ። ሦስተኛዋ ሙከራ ናት፣ ይህን ለማንም አልነገርኩም።

አልተቀመጠም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጫረ። አልተነሳም። ቡርሽ «በሚስማር ሞክረው» አለ። ሞከረ። መዶሻ አመጣ። ጥርሱን ነክሶ መታ… ብረቱ ጎደጎደ፣ ቀለሙ አልተሰነጠቀም። ከዚያ ተቀመጠ። ተነሳና ሱሪውን ከኋላ ዳበሰ። ያውቅ ነበር ለካ!

«ጥጉ ይቀጥል» አለ። አጨበጨቡ። ልቀመጥ ስል ቀጠለ። «እንግዲህ አሁን መሥራቱ ከታወቀ፣ ሽጉጡን የሚይዝልን ያንን ባለሙያ እንደገና…»

ተነሳሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

«ሽጉጡ ከእጄ አይወጣም። ጥጉን ስትነጥቁኝ አብራችሁ ትነጥቁኛላችሁ፤ እኔ እያለሁ ሌላ አይነካውም። ባለሙያው መጥቶ አየነው። ሞቷል አለ። ማን አስነሳው?»

ቡርሽ ተነሳ፣ ያ ቡርሽ፣ ጺሙን እያሻሸ። «ባለሙያዋ እቺው ናት እኮ። ማን አለና ነው ሌላ የምንጠራው?»

ድምፅ ተሰጠ። አሥራ ሦስት እጅ። አሥራ አራተኛው የኔ ነው፣ እሱንም አወጣሁት።

ቴስተር የጥጉን ስም መጋረጃው ላይ እንጻፍ አለች። አንዱ አንድ ነገር፣ ሌላው ሌላ ነገር ሲል ከቡርሽ እጅ ቡርሹን ተቀብዬ ራሴ ጻፍኩ። «ሰቃይ»። እንዳሻቸው ያንብቡት።

ሚያዝያ 9

ስምንት የመስኮት ብረት ወጣ። የሰፈሩ ክሊኒክ የመጠበቂያ ወንበሮች ከሰዓት ይገባሉ። ሰብሳቢው «ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ቀለም፣ ከአራት ሰዓት በኋላ መጋዝ» ብሎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ባለቤቴ ትናንት ለጎረቤት ሲያወራ ሰማሁት፤ «ባለቤቴማ ሽጉጥ ይዛለች፣ ተጠንቀቁ።»

ከምሳ በፊት መጋረጃው ተገለጠ። ባለሽጉጡ። ያው ልብስ፣ ኪሱ ላይ ያው ምልክት። መጋረጃው ላይ የጻፍኩትን አንብቦ ነው የገባው፣ ፊቱ ያስታውቃል።

«ሰቃይ፣ እንዴት ነሽ? ሥራ በዛ አሉኝ… ሰው የምትፈልጊ ከሆነ ብዬ…»

አፌ «ይቀመጡ» ሊል ተከፈተ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይደል? እግሬም ወደ ኋላ ሊል አማረው። ያዝኩት። እግሬን ያዝኩት፣ አፌንም ያዝኩት።

«ተቀመጥ» አልኩት።

ተቀመጠ።

«ሽጉጡ ሰው አለው። የጎደለኝ ሰቃይ ነው። ትሰቅላለህ፣ ታወርዳለህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መንጠቆ ትፍቃለህ። ለምን እንደሚፋቅ እነግርሃለሁ። ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።»

ጓንቱን እጁ ላይ አገላበጠ። መንጠቆዎቹን አየ፣ ባዶ ብረታቸውን። ሲያመው አየሁ። ትንሽ አዘንኩለት፣ ቃሌን ግን አላጠፍኩም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ነገ። ሁለት ሰዓት ላይ ና።»

ተነሳ። መጋረጃው ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«ደህና ይዋሉ» አለኝ።

«ደህና ዋል» አልኩት።